ሮም በእማዬና በአባዬ ስምሪት

ባህር ማዶ የሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሳይማር አስጎብኚ ይሆናል። ዘመድ ሲመጣ፣ ዓመት ሙሉ ቀና ብላችሁ ያላያችሁትን ሐውልት «ይሄ ደግሞ የማነው? መቼ ተሠራ? ስንት ፈጀ?» እየተባላችሁ ትፋጠጣላችሁ። የሮም ነዋሪ ዕዳው ከሁሉም ይከፋል። ሌላ ከተማ ያለ ሰው አንድ ድልድይ፣ አንድ ግንብ፣ አንድ የገበያ አዳራሽ አሳይቶ ይገላገላል። እዚህ ግን አውቶቡስ ስትጠብቁ የተደገፋችሁት ግድግዳ እንኳ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ እንግዳችሁ ደግሞ ያሠራውን ንጉሥ ስም ከነአባቱ ይፈልጋል።

እኔ እዚህ የምኖረው አንዲት ባልቴት በመንከባከብ ነው። የኔ ሮም ከሲኞራዋ ቤት ወደ መድኃኒት ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ተመልሳ ወደ ሲኞራዋ ቤት የምትሄድ ሮም ናት። በዚህ መስመር ላይ ኮሎሲየም የለም። ቢሆንም እማዬና አባዬ ሊመጡ ነው ሲባል ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ። ደብተር ገዛሁ፤ ጠዋቱን ከማታው ለይቼ ፕሮግራም አወጣሁ፤ ሰልፉን አውቀዋለሁና የመግቢያ ትኬት አስቀድሜ በኢንተርኔት ቆረጥኩ።

ቪዛው ራሱን የቻለ ወግ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ኢንሹራንስ፣ የቤት ካርታ፣ ተመልሰው እንደሚሄዱ የሚያሳምን ወረቀት ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ የጋብቻ ማስረጃ ጎደለ ተባለ። በሽማግሌ ተጋብተው ግማሽ ምዕተ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እማዬ በስልክ፣ «ሰባት ልጅ ማስረጃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ችግሩ ሰባታችንም ላይ ማኅተም የለም።

የመጡት በዐቢይ ጾም ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላቸው አባዬ ኮቱን ለብሶ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከፊታቸው አራት ሻንጣ የጫነ ጋሪ እየገፉ ብቅ አሉ። እያንዳንዱ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው፤ አንድ ግራም አላባከኑም። የራሳቸው ልብስ የገባው በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ነበር። የቀረው በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ያልተቆላ ቡናና ለምን እንደመጣ እስከ ዛሬ ያልተነገረኝ አንድ ሙዳይ ነው። «እማዬ፣ በርበሬ እኮ ቴርሚኒ አካባቢ ይሸጣል» ብላት፣ «እሱን ማን ቀመመው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጉብኝቱ የዚያኑ ዕለት ማታ ተጀመረ። የተጎበኘው ግን ቤቴ ነው። እማዬ አልጋውን ተጭና አየች፤ የብርድ ልብሱን ውፍረት በሁለት ጣቷ ለካች፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ዘጋች። ከዚያ ፍሪጁን ከፈተች። አይብና እንቁላል።

«ይሄ የማነው?»

«አብራኝ የምትኖረው ልጅ ነው።»

«ማን ትባላለች?»

«ማሪያ።»

«ይህን ስም ይዛ በሁዳዴ አይብ?»

ማታ በስልክ ለአክስቶቼ ሪፖርት ስታቀርብ ከግድግዳው ማዶ ሰማኋት። «ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግን ንጹሕ ነው። እሷ ከስታለች። ጎረቤት አታውቅም። ብርድ ልብሷ ደህና ነው።» ስለ ሮም አንድ ቃል አልተነሣም። እዚያው አልጋዬ ላይ ነገሩ ገባኝ። ወላጅ ባህር ተሻግሮ የሚመጣው ከተማ ሊያይ አይደለም፤ ቁጥጥር ሊያካሂድ ነው። ሐውልትና ፏፏቴው የመልስ ጉዞ እስኪደርስ ቀን መግፊያ ነው።

ቢያንስ እማዬ እንዲያ ናት። አባዬ ደግሞ የራሱ ጉዳይ ነበረው። በማግሥቱ ጠዋት ደብተሬን ገልጬ «ዛሬ ኮሎሲየም» ስል፣ ከኮቱ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የመብራት ሒሳብ ነው፤ ጀርባው ላይ በእጁ አራት ነገር ጽፎበታል። ዶጋሊ። አክሱም። አበበ። በረንዳው።

«ኮሎሲየምስ?» አልኩት።

«እሱ የትም አይሄድ።»

ቴርሚኒ፣ የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ፣ እኔ በየቀኑ አውቶቡስ የምቀይርበት ቦታ ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ ይባላል። አባዬ አውቶቡሶቹ መሐል ቆሞ ባርኔጣውን አስተካከለና፣ «አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከአደባባዩ ጥቂት እልፍ ሲባል የመታሰቢያ ሐውልታቸው አለ፤ በራምሴስ ዳግማዊ ዘመን ግብፅ ውስጥ የተጠረበ ድንጋይ ነው። አባዬ ዙሪያውን ዞረና፣ «ይኸውልሽ፣ ድንጋዩ የግብፅ፣ ሟቹ የጣሊያን፣ ገዳዩ የኛ» ብሎ ሣቀ።

ሣቁ ግን አልቆየም። ከአዲስ አበባ ተነቅሎ የተወሰደው፣ ኋላ ወደ ለገሃር የተመለሰው የይሁዳ አንበሳ የቆመው ከዚሁ ድንጋይ ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው፣ ተይዞም ሲሲሊ ውስጥ ታስሮ የሞተው፣ ለዚሁ አንበሳ ነው። ዛሬ ቦታው ካርቶን አንጥፎ የሚተኛ ሰውና እርግብ የሞላበት አጸድ ነው። አባዬ ታሪኩን የሚተርከው ለኔ ብቻ አልነበረም፤ ድምፁ ባቡር ጣቢያው ድረስ ይሰማል። ቴርሚኒ አካባቢ ደግሞ ሐበሻ አይጠፋም። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ወጣቶች አጠገባችን ቆመው ያዳምጣሉ። ዘርዓይ ሲነሣ አንደኛው በትግርኛ ቅላጼ፣ «አባት፣ እሱ እኮ የኛ አገር ሰው ነው» አለ። አባዬ ትንሽ ዝም ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «ታዲያ እኔ የማን ነው አልኩ?» አለው። ልጁ ሣቀ። ቡናውን ካልጋበዝኩ ብሎ ሙጭጭ አለ።

ቡና ቤቱ ውስጥ አባዬ ባንኮኒውን ተደግፎ፣ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው፣ «ማኪያቶ» አለ።

«ጾም ነው» አለች እማዬ።

«መንገደኛ ጾም የለበትም።»

«መንገድህ ትናንት አልቋል።»

ጥቁሯን ቡና እያዘነ ጠጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው «ጋዜጣ ገዝቼ ልምጣ» እያለ ይወጣ ጀመር። ጣሊያንኛ ማንበብ አይችልም። ሲመለስ ጋዜጣው በብብቱ፣ አረፋው በጢሙ ላይ ነው። እማዬ ታየዋለች፤ ከዚያ ጣሪያውን ታያለች።

አክሱምን ለማየት ወደ ፖርታ ካፔና ሄድን። «የለም እኮ፣ ተመልሷል» ብለው፣ «የነበረበትን ነው የማየው» አለ። ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ያመጡት ሐውልት፣ 24 ሜትር ቁመት ያለው፣ ያኔ የአፍሪካ ሚኒስቴር ሊሆን ይሠራ በነበረው፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሆነው ሕንፃ ፊት ቆሞ ኖሯል። አባዬ ሒሳቡን በቃሉ ያውቀዋል። በእነሱ አቆጣጠር በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል የተዘረፈውን በ18 ወር ውስጥ እንመልሳለን አሉ፤ ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን የተመለሰው በ2005 ነው። «58 ዓመት! እኔ ለሰው መኪና በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብዬ አንድ ሳምንት ባሳድር ስንት ስድብ እሰማ ነበር» አለ። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጋራዥ ነበረው። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የአሜሪካው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት አጠር ያሉ ዓምዶች ቆመዋል። አየት አደረጋቸውና፣ «በአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ፤ ዝርዝር ተመነዘረላቸው» ብሎ አለፈ።

ከዚያ ነው ጉዱ የመጣው። ከዚህ ቦታ ተነሥቶ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የሚወስድ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ አለ፤ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮም ውስጥ መሽቶ የወታደር ችቦ በበራበት ሰዓት፣ የአክሱምን ሐውልት አልፎ ሞሮኳዊውን ጥሎት የሄደው በዚህ በኩል ነው። በቅስቱ ሥር ሲገባ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ በባዶ እግሩ። አባዬ ያኔ አሥር ዓመቱ ነበር። መንገዱ ጫፍ ላይ ደረሰና ጎንበስ አለ። ማሰሪያው የተፈታ መስሎኝ ነበር። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተና ለኔ አቀበለኝ።

«አባዬ፣ ሰው ያያል!»

«ያኔም አይቷል።»

ሱሪውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰብስቦ፣ ኮትና ባርኔጣውን እንደለበሰ፣ በሰባ ምናምን ዓመቱ ሶምሶማ ጀመረ። እኔ ጫማ ተሸክሜ ከኋላ፣ እማዬ «ይሄ ሰውዬ ሊገለኝ ነው» እያለች ከኔም ኋላ። ቱሪስቱ መንገድ ለቀቀለት። አንዳንዱ ፎቶ ያነሣል፤ ሌላው ጤናውን የተጠራጠረ ይመስላል። አንድ የጃፓን ጎብኚዎች ቡድን ዘንድ ሲደርስ ግን አንድ ሸምገል ያለ ሰው ዓይኑን አፍጥጦ አየውና እጁን አንሥቶ፣ «አበበ! አበበ!» ብሎ ጮኸ። ቶኪዮ በፈረንጆቹ 1964 አበበን በዓይኗ ያየች ከተማ ናት፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ጃፓናዊ አይረሳውም። የተቀሩትም አጨበጨቡ። አባዬ ቅስቱ ሥር ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቆመና፣ ሰዓቱን አይቶ፣ «በስንት ገባሁ?» አለኝ። ሰዓት ያዢ ብሎ አላዘዘኝም ነበር።

ኮሎሲየም ከዚያ ሁለት እርምጃ ነው፤ ትኬቱም በኪሴ ነበር፤ ገባን። ስለ ኮሎሲየም የምላችሁ ብዙ የለኝም። አባዬ ደስ ያለው አውሬዎቹን ከምድር ቤት ወደ ሜዳ ያወጣ ስለነበረው በእጅ የሚሽከረከር አሳንሰር ስነግረው ብቻ ነው። እማዬ ቀደምት ክርስቲያኖች እዚህ ለአንበሳ ተሰጡ መባሉን ከሰማች በኋላ ሌላ ነገር አላየችም። ውስጥ ያለው መስቀል አጠገብ ቆማ፣ ሰዉ እየገፋት፣ ጸሎቷን አድርሳ ጨረሰች።

በረንዳው ፓላዞ ቬኔዚያ ላይ ነው። ሙሶሊኒ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሮም ዳግም የንጉሠ ነገሥት ግዛት ሆነች ብሎ ያወጀባት። አባዬ ከሥር ቆሞ አንገቱን ቀና አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያት። «ይቺው ናት? የኛ ቀበሌ አዳራሽ በረንዳ ከዚች ይሰፋል» አለ። ከወረቀቱ ላይ የመጨረሻውን ነገር ሰረዘና አጥፎ ኪሱ ከተተው። የአባዬ ሮም እዚህ ላይ አለቀች፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ቀን የእማዬ ነው።

እማዬ ሮም ውስጥ ከሁሉ በላይ የገረማት ውሃው ነው። በየመንገዱ ዳር ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ 2,500 ያህል ይሆናሉ። ቀዝቃዛ፣ የሚጠጣ ውሃ ሌት ተቀን ያለ ክፍያ ያፈሳሉ። የመጀመሪያዋን ስታይ ሮጣ ሄዳ መዝጊያዋን ፈለገች። በግራ አየች፣ በቀኝ አየች፣ ከኋላ ዳሰሰች። «የለውም እማዬ፣ አይዘጋም» ብላት አላመነችኝም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ተነሥቶ በርሜል የሚሞላ ሰው፣ ሳይዘጋ የሚፈስ ቧንቧ አይቶ ማለፍ ይከብደዋል። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ልታቆመው ስትሞክር፣ አፉን በጣት ሲደፍኑት ሽቅብ የሚተኩሰው ቀዳዳ ፊቷን አጠባት። ደነገጠች፤ አማተበች፤ ከዚያ እንደ ጠበል ቆጥራው መሰለኝ ደግማ ደፈነችው። ቀጥሎ ከቦርሳዋ ባዶ ሃይላንዶች ወጡ። ለካ ከአውሮፕላኑ ጀምሮ ስታጠራቅም ነበር። በሄድንበት ሁሉ ሞልተን እንሸከማለን፤ ቤት ስንገባ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተደርድሮ ያድራል። «ነገ ቢጠፋስ?» ትላለች።

ትሬቪ ፏፏቴ ሰው በጀርባው ቆሞ ሳንቲም ሲወረውር አይታ፣ «ስለት ነው?» አለች። ሳንቲሙ ተለቅሞ በካሪታስ በኩል ለድሃ እንደሚውል ስነግራት ፊቷ ፈካ፤ መቀነቷን ፈታ አንድ ዩሮ አወጣች። ግን በጀርባ ወርውሪ ብላት ተቆጣች። «ለድሃ የሚሰጥ ገንዘብ ጀርባ ተሰጥቶ አይወረወርም።» ወደ ውሃው ወርዳ በእጇ ልታስቀምጥ ስትል የፖሊስ ፊሽካ ተነፋ። ፊት ለፊት ቆማ፣ ባለ ስለቱን መልአክ ስም ጠርታ፣ ሳንቲሟን አስገባች። ሳንቲም የወረወረ ወደ ሮም ይመለሳል የሚባለውን አላነሣችም፤ ምን እንደተሳለች ጠይቄያት «ባል» አለችኝ። ለኔ ማለቷ ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ስንሄድ ነጠላዋን ዘበኞቹ ሳይቀር ወደዱላት። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ጫማዋን አውልቃ በብብቷ ያዘች። አንዱ ጠባቂ እየሮጠ መጣ፤ ጫማ ይደረግ አለ። እኔ ተርጓሚ።

«ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ አይደለም?» በይልኝ አለች።

«ነው» አለ።

«እንግዲያ!»

በዚያች ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ የወላጅ ጫማ በአደባባይ ተሸክሜ ቆምኩ። መጨረሻ ላይ አደረገችው፤ ያን ሁሉ ሰፊ ወለል ግን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ሄደች። ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የአበሻ መነኮሳት የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ ዛሬ ከሚታየው ባዚሊካም እንደሚቀድም፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1513 የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት እዚሁ ሮም እንደታተመ፣ አባ ተስፋ ጽዮንም ሐዲስ ኪዳንን እዚሁ እንዳሳተሙ ነገርኳት። ያለ ፈቃድ አይገባም። ገብተን ባናየውም በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀች። አሳየኋት። ከቦርሳዋ የማትለየውን፣ ጠርዙ የተበላ ዳዊቷን አወጣች፤ ወደዚያ ዞራ እጅ ነሣችና መጽሐፉን ሳመችው።

ምግብ ያስቸግረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማሪናራ የምትባል ፒዛ አዳነችኝ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ኦሬጋኖ፤ አይብ የሚባል አይነካትም። እማዬ የመጀመሪያዋን ስትበላ አስተናጋጁን አስጠርታ የጾም መሆኗን በመሐላ አስረገጠችው። በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ዘይት የሚጠበሰውን ቺኮሪያ ስትቀምስ ደግሞ፣ «ይሄማ ጎመናችን ነው፤ ትንሽ መርሮባቸዋል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጣሊያን ሕዝብ ያላት አስተያየት ተሻሻለ።

ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን በሚሄደው በ64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ኪስ አውላቂ እንዳለ ሮም ውስጥ የማያውቅ የለም። አስጠነቀቅኳቸው። አባዬ፣ «እኛ መርካቶ ነው የሠራነው» አለ። መንገድ ላይ አንድ ጎረምሳ ተጠግቶት ሲቆም አየሁ፤ ከመናገሬ በፊት እጁን የአባዬ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተ። ያወጣው ግን እፍኝ ቆሎ ነው። ልጁ መዳፉን አየ፤ አባዬን አየ። አባዬ ትከሻውን ቸብ አደረገውና፣ «ብላ፣ ብላ፤ ገብስ ነው» አለው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ቆሎውን አልጣለውም።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። «አሠሪሽን ሳናመሰግን አንሄድም» አሉ ሁለቱም። ሲኞራዋ ዘጠና ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እንግዳ እንደሚመጣ ስነግራት ፀጉሯን አሠርታ፣ የጆሮ ጌጧን አድርጋ ጠበቀችን። እማዬ ሳሎኑ ውስጥ ቡና ቆላች። ጭሱ ሲበዛ መስኮት ከፈትን፤ የላይኛዋ ጎረቤት ምን ተቃጠለ ብላ ወረደች፤ እሷም ስኒ ተሰጣት። ሦስተኛው እስኪፈላ ጨዋታ ደርቶ ሳለ ሲኞራዋ መሳቢያ ክፈቺ ብላ አሮጌ አልበም አስወጣችኝ። አባቷ ናቸው። የወታደር ልብስ፣ ገምባሌ፣ ከኋላ የሐበሻ ተራራ። ከሥሩ «ጎንደር፣ 1938» የሚል ተጽፎበታል።

ልቤ ድንግጥ አለ። አያቴ፣ የአባዬ አባት፣ አምስቱን ዓመት ዱር የኖሩ አርበኛ ናቸው። አባዬ መነጽሩን አውጥቶ አደረገ፤ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ያዘው። ክፍሉ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም እማዬ ጀበናዋን እንደያዘች ቀረች።

«አንቺ ልጅ» አለኝ አባዬ በመጨረሻ፣ «ከኋላው ያለችውን አየሻት? ትሬንታ ኳትሮ እኮ ናት!»

ለካ ሰውየውን አላየውም። ያየው ከጀርባቸው የቆመችውን የጭነት መኪና ነው። ፊያት 634። ሲኞራዋ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለውን ሰምታ ዓይኗ በራ፤ አባቷ ሹፌር ነበሩ። ከዚህ በኋላ እኔን የፈለገ አልነበረም። አባዬ ሙያውን የተማረው ጣሊያን ጥሎት በሄደ እንደዚህ ባለ መኪና ላይ ነው፤ የጋራዥ ቋንቋው ሁሉ የዚያ ቅሪት ነው። «ካንዴላ» ይላል፤ «ሲ፣ ሲ፣ ካንዴላ!» ትላለች። «ማርሚታ»፤ «ማርሚታ!» «ቴስታታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ»፤ አሮጊቷ በሣቅ ፈረሰች። ስሠራላት በኖርኩበት ዘመን እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ስንነሣ አባዬ እጇን ይዞ ወደኔ ዞረ። «በይ ይህንን በደንብ ንገሪልኝ። አባትሽ መኪናውን ትተውልን ሄዱ፤ እኛ አስነሣነው በያት።»

ተረጎምኩ። ሲኞራዋ ትንሽ አሰበችና፣ «አባቴ ከዚያ መኪና ጋር ሲታገል ነው የኖረው፤ አንድ ቀን በወጉ ተነሥታለት አታውቅም ይል ነበር» አለች። ይህን ስተረጉምለት የአባዬን ደስታ ብታዩት! ከአበበ መንገድም፣ ከበረንዳውም ይበልጥ የኮራው በዚህ ነው። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሄደ።

የመጨረሻዎቹ ቀናት የገበያ ናቸው፤ ይህን ያላየ የውጭ ነዋሪ የለምና አላረዝመውም። የጎረቤት፣ የዕድር፣ የማኅበር፣ የክርስትና ልጅ ዝርዝር ወጣ፤ ያው አራት ሻንጣ በጫማና በሹራብ ተሞላ፤ መታጠቢያ ቤት ያለው ሚዛን ላይ እየወጣን ወረድን። ያላለቀው በርበሬ ለኔ ቀረ። ሙዳዩም።

ሮም ለምትኖሩና ዘመድ ለሚመጣባችሁ ሁሉ እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ከኪሳቸው ምን ዝርዝር እንደሚወጣ ሳታውቁ ትኬት አትቁረጡ። በጾም ከመጡ ማሪናራ ያላትን ቤት አስቀድማችሁ እወቁ። ለጫማ የሚሆን ፌስታል ይዛችሁ ውጡ። አባታችሁ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ልግዛ ሲልም አብራችሁት አትሂዱ።